ሲወጡ ባጃጅ፣ ሲወርዱ በእግር

ጎንደር ላይ ለእናት ለአባታችን የምንሳሳው ዳገቱን እያየን ነው። እውነትም ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መውጣት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከተማዋ ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና። ቁልቁለቱን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ መውረድ ዕረፍት ይመስለናል። ወዳጆቼ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም!

ሃይንዝ ድሬክስል የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው ሙከራ አለ። ስፖርት የማይሠሩ 45 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ወር ተራራ በእግራቸው እየወጡ በገመድ በሚጎተት መኪና ወረዱ፤ ለሌላ ሁለት ወር ደግሞ በመኪናው ወጥተው በእግራቸው ወረዱ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በሁለቱም ቀነሰ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት የቀነሰው ሲወጡ ነው። ሰውነታቸው ስኳርን የመጠቀም አቅሙ የተሻሻለው ግን ሲወርዱ! ሙከራው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ስኳር በየቤቱ በገባበት በዚህ ዘመን ልብ ሊባል ይገባዋል።

እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ደረጃ ስትወርዱ መዳፋችሁን ከጉልበት ከፍ ብሎ ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። ላይኛው ደረጃ ላይ የቀረው እግር ሰውነታችሁን ቀስ አድርጎ ሲያወርድ ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማችኋል። ሥራውን የሚሠራው እየተለጠጠ ነው፤ እንደ ፍሬን ይዞ ያወርዳችኋል። በዚህ ጊዜ የሚፈልገው ኦክስጅን ከዳገቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ልብና ሳንባ ብዙም አይጨነቁም። ትንፋሽ ለሚያጥራቸው አዛውንቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። መደብ ላይ ዘፍ ሳንል ቀስ ብለን የሚያስቀምጠን፣ እግር ሲያዳልጥ የሚገታንም ይኸው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲደክም አረጋውያን በቀላሉ ይወድቃሉ።

እንግዲህ የኦስትሪያው ገመድ ባይኖረን ባጃጅ አለን። እማማ ቁስቋምን ለመሳለም ሲሄዱ በባጃጅ ይውጡ፤ ሲመለሱ በእግራቸው ይውረዱ። ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወስደውም ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁል ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን በማግስቱ ጭን ያማል፤ ጡንቻው አዲስ ሥራ ስለገጠመው ነውና በጥቂት ቀን ይለቃል። ስለዚህ በአጭር መንገድ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ጉልበታቸውን ለሚቆረጥማቸው ቁልቁለት ይከብዳል። ለእነሱ ሜዳው ይሻላል፤ መውረድ ግድ ከሆነም ከዘራ ይያዝ። ከዘራው የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ግን በዚያው በሚያመው በኩል ነው። ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ ያዳልጣልና ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያስፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጾም ባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አይጀምሩ፤ ኪሳቸው ውስጥም ከረሜላ ይኑር። ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ካዞረ ቆሞ ማረፍ፣ ከዚያ ሐኪም ማየት ነው።

መጠኑንም አታካብዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እያወሩ ለመሄድ የሚያስችል፣ ለመዘመር ግን የማያስችል ፍጥነት ይበቃል። በቀን አሥር ሺህ እርምጃ የሚባለው ወግ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። አይ-ሚን ሊ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሄዱት፣ 2,700 ገደማ ከሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከ7,500 በላይ ግን ጥቅሙ አልጨመረም።

ለወላጆቻችሁ ባጃጅ ስትጠሩ መሄጃውን ብቻ ክፈሉ። መመለሻውን ጊዜ ካላችሁ አብራችኋቸው ውረዱ።