የቆዩ ቴፖችን መጠገን በካሴት የቀሩ ድምጾችን ለመታደግ ያስችላል

በብዙ ቤቶች በቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም በአልጋ ሥር አቧራ የለበሰ አንድ ቴፕ አይጠፋም፡፡ ከአጠገቡም በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች ይገኛሉ፡፡ ከካሴቶቹ አንዳንዶቹ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን በገንዘብ የማይተኩ ናቸው፡፡ በሠርግ ዕለት የተቀዳ ዘፈንና ምርቃት፣ የአያት ተረትና ምክር፣ ባሕር ማዶ የተሻገረ ልጅ በደብዳቤ ምትክ ለወላጆቹ የላከው ሰላምታ በእነዚህ ካሴቶች ላይ ብቻ ተቀድቶ ቀርቷል፡፡

ካሴት እንደ ፎቶግራፍ በዓይን አይታይም፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ከሌለ በውስጡ ያለው ድምፅ እንደሌለ ይቆጠራል፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ባስተላለፈው ማሳሰቢያ፣ በማግኔት ክር የተቀዱ ድምጾችን የሚያጫውቱ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው ከ2025 ገደማ ጀምሮ በቀላሉ እንደማይገኙ የዘርፉ ባለሙያዎች እንደሚገምቱ ገልጾ ነበር፡፡ የተባለው ጊዜ ደርሷል፡፡ በመሆኑም አሮጌ ቴፕን መጠገን የትዝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን ማኅደር የመታደግ ሥራ ሆኗል፡፡

ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው የፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1963 በበርሊን ከተማ በተካሄደ የሬዲዮ ዐውደ ርዕይ ላይ ነበር፡፡ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሶኒን፣ ሻርፕን፣ ጄቪሲንና ሳንዮን የመሳሰሉ የጃፓን ኩባንያዎች ሬዲዮንና ካሴትን ያጣመሩ፣ እጀታ ያላቸውና ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ስቴሪዮ ቴፖችን በብዛት አምርተዋል፡፡ በአገራችንም በዚያው ዘመን ካሴት የሸክላን ቦታ ወርሶ ሙዚቃን ከከተማ እስከ ገጠር አዳርሷል፡፡ መብራት ባልገባባቸው አካባቢዎች ቴፕ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ስለነበር፣ ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅ ካሴትን በእስክሪብቶ ማጠንጠን የተለመደ ነበር፡፡

ሥራ ካቆሙት ቴፖች ብዙዎቹ የመዳን ተስፋ አላቸው፡፡ ይህንን ለመረዳት አሠራራቸውን ማወቅ ይጠቅማል፡፡ ሞተሩ በቀጭን የጎማ ቀበቶ አማካይነት ከበድ ያለ መሽከርከሪያ ያዞራል፡፡ ከመሽከርከሪያው ጋር የተያያዘው የብረት ዘንግና በላዩ የሚጫነው ትንሽ የጎማ ጥቅል ክሩን መካከላቸው ይዘው በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ይስቡታል፡፡ ክሩ በሄዱ ፊት ሲያልፍ በላዩ የሰፈረው የማግኔት ምልክት ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ወደ ድምፅ ይለወጣል፡፡ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር በማይሞላው በዚህ ክር ላይ የሁለቱ ገጽ አራት የስቴሪዮ መስመሮች ተደርድረው ስለሚገኙ፣ ጥቂት ቆሻሻ ወይም ጥቂት መዛነፍ ድምፁን ለማበላሸት በቂ ነው፡፡

ማንኛውም ጥገና የሚጀመረው ቴፑን ከመብራት በመንቀል ነው፡፡ ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫው ይፈተሻል፡፡ ለዓመታት ውስጡ የቆየ ድንጋይ ፈሳሽ አውጥቶ የብረት መገናኛዎቹን ያዝጋል፡፡ ዝገቱ በጥንቃቄ ተፍቆ በአልኮል ሲጠረግና ብረቱ ሲያብረቀርቅ፣ ሞቷል የተባለ ቴፕ መልሶ ሊበራ ይችላል፡፡

ሬዲዮው እየሠራ ካሴቱ የማይዞር ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀበቶው ነው፡፡ ጎማው በዕድሜ ብዛት ይለጠጣል፣ ይበጠሳል፣ አልፎ አልፎም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፡፡ የቀለጠው ጎማ በአልኮልና በጥጥ ሙሉ በሙሉ ካልተጠረገ አዲሱም ቀበቶ ይንሸራተታል፡፡ የአዲሱን ቀበቶ መጠን ለማወቅ ቀበቶው የሚዞርበት መንገድ በክር ይለካል፤ አዲሱ ከዚህ ልኬት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ማጠር አለበት፡፡ በጣም ከጠበቀ ሞተሩን ይጎዳል፣ ከላላ ደግሞ ድምፁ ይወላገዳል፡፡

ቴፑ "ካሴት ይበላል" የሚባለው ብዙውን ጊዜ የጎማ ጥቅሉ ሲደርቅና ሲቆሽሽ ወይም ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል ኃይል ሲያጣ ነው፡፡ ክሩ ሲጠመጠም ካሴቱን በኃይል መንጭቆ ማውጣት አይገባም፡፡ ቴፑን አጥፍቶና ክዳኑን ከፍቶ ክሩን በጣት ቀስ እያሉ ማላቀቅ፣ ከዚያም በእስክሪብቶ ማጠንጠን ይሻላል፡፡

ድምፁ ከታፈነ ሄዱ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይወለወላል፡፡ አልኮሉ ውኃ ያልበዛበት መሆን ሲኖርበት፣ ካሴት የሚገባውም ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው፡፡ ሄዱን በካቻቢቴ ወይም በሌላ ብረት መነካካት ይጭረዋል፡፡ ከጽዳት በኋላም ካልጠራ፣ ከሄዱ ጎን ያለችውን የማስተካከያ ብሎን እያዳመጡ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ያስፈልጋል፡፡ በሌላ ቴፕ የተቀዳ ካሴት የሄዱ አቀማመጥ ስለሚለይ፣ በዚህ ማስተካከያ ብቻ ጠፍቶ የነበረ ቃል በግልጽ ሊሰማ ይችላል፡፡ ድምፅ ማስተካከያውን ሲያዞሩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነም ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠራ ማጽጃ ነፍቶ ደጋግሞ ማዞር ይበቃል፡፡ የተቃጠለ ሞተርና የወረዳ ሰሌዳ ብልሽት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፡፡

ተጠግኖ የተነሣ ቴፕ በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ቢበላሽ በማይቆጭ ካሴት ነው፡፡ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ሲሆን፣ የናፈቃቸውን ድምፅ ለመስማት ቸኩለው አንዱንና ብቸኛውን ካሴት ያስበላሉ፡፡ ውድ የሆነው ካሴት ከመግባቱ በፊትም ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች መሰበራቸውን ማረጋገጥ ይገባል፡፡ እነርሱ ከተነሡ በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ በላዩ ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም፡፡ የተበጠሰ ክርም በተራ ፕላስተር መቀጠል የለበትም፤ ማጣበቂያው እየወጣ ክሩንና ሄዱን ያበላሻል፡፡

ቴፑ በትክክል መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ በኢርፎን ቀዳዳው በኩል በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ድምፁን መገልበጥ ይቻላል፡፡ በአንድ ወገን 30 ደቂቃ የሚይዝ ካሴት ለመገልበጥ የሚፈጀውም ያንኑ 30 ደቂቃ ነው፤ በጥድፊያ የሚሠራ አይደለም፡፡ የተገለበጠው ድምፅ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ ሲኖርበት፣ ዋናው ካሴትም ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ርቆ መቆየት አለበት፡፡

ከሁሉም በላይ በካሴቱ ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተቀዳ አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል፡፡ ቴፕን በጎማና በአልኮል ማስነሣት ይቻላል፤ ድምፁን ለይቶ "ይህ የእገሌ ነው" የሚል ሰው ግን መለዋወጫ የለውም፡፡ ሥራው መጀመር ያለበትም እነዚያ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው፡፡