የኮሪያ ምግብ ከመብላታችን በፊት ምን እንጠይቅ?



በዚህ ዓመት ለጀመዓችን ተደጋግመው ከቀረቡ ጥያቄዎች አንዱ «የኮሪያ ምግብ መብላት ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ከኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚመላለሱ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴልና አየር ጤና ያሉ ተማሪዎቻችን ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኮሪያ ተከታታይ ድራማ የማያይ ተማሪ ጥቂት ነው። በየገበያ ማዕከሉ ፎቅ ላይም የምግብ ቤቶች ተደርድረው ወንበርና ጠረጴዛውን በጋራ የሚጠቀሙበት አሠራር እየተለመደ መጥቷል። አንዱ በርገር ይሸጣል፣ አንዱ ሻዋርማ፣ አንዱ ደግሞ የሚያቃጥል ኑድልና በቀይ ሶስ የተለወሰ ዶሮ። ፈተና ሲያልቅ የክፍል ልጆች ተሰባስበው ይሄዳሉ። የኛ ልጅ ወይ ለስላሳ ብቻ ይዞ ሌሎቹ ሲበሉ ያያል፣ ወይም ዝም ብሎ ይበላና ማታ ልቡ አያርፍለትም። ሁለቱም ጥሩ አይደሉም፤ በተለይ ደግሞ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱን በሁለት ደቂቃ ማግኘት ይችል ነበርና።

«የኮሪያ ምግብ» የሚባል አንድ ብይን የሚሰጥበት አንድ ነገር የለም። አትክልት ብቻ የሆነ ምግብ አለ፣ ከደም የሚሠራ ምግብም አለ። ስለዚህ ሳህኑን በታትነን ማየት ይኖርብናል።

ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚፈራው አሳማን ነው። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በኮሪያ አገር የአሳማ ሥጋ የዘወትር ምግብ ነው። ሳምግዮፕሳል ተብሎ በድራማው ላይ ጠረጴዛ መሐል ሲጠበስ የምናየው ቁራጭ ሥጋ የአሳማ የሆድ ሥጋ ነው። ሱንዴ የሚሉት የአሳማ አንጀት ውስጥ ደምና ቀጭን ኑድል ሞልተው የሚቀቅሉት ነው፤ ይህ በአንድ ጊዜ ሁለት ሐራም የያዘ ነው። ጃጃንግምዮን የተባለው ባለ ጥቁር ሶስ ኑድል፣ ሳምቡሳ መሳዩ ማንዱና የኪምቺ ወጥ በአገራቸው አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ይገባባቸዋል። ጊምባፕ ሩዝና አትክልት በባሕር ቅጠል የተጠቀለለበት ነው፤ ንጹሕ ይመስላል፣ ነገር ግን መሐሉ ላይ ሃም የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። «ድዌጂ» የሚለው የኮሪያ ቃል አሳማ ማለት ነው። «ዶንካስ» በሚለው ስም መጀመሪያ ላይ ያለው «ዶን»ም ያው አሳማ ነው። «ሶጎጊ» የከብት ሥጋ፣ «ዳክ» ዶሮ፣ «ሄሙል» የባሕር ምግብ፣ «ያቼ» አትክልት ነው። እነዚህን አምስት ስድስት ቃላት መያዝ ከባድ አይደለም፤ ከድራማው ከዚህ የበለጠ ቃል የሚያውቁ እህቶች አሉን።

ቡዴ ጂጌ ስለሚባለው ወጥ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ትርጉሙ የጦር ሠፈር ወጥ እንደ ማለት ነው። የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1953 አገሪቱን አድቅቆ ሲያበቃ፣ የተራበው ሕዝብ ከአሜሪካ ጦር ሠፈር የሚወጣ የቆርቆሮ ሃምና ቋሊማ ከኪምቺ ጋር ቀቅሎ የበላው ነው። በዚያ ጦርነት ከ1951 ጀምሮ የኛው የቃኘው ሻለቃ ተሰልፎ ነበር፤ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተፈራርቀው ዘምተዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። ዛሬ በሥጋና በኑድል የተሞላው ድስት የረሃብ ዘመን ምግብ ነበር። ዛሬም የሚሠራው በሃምና በቋሊማ ስለሆነ ለኛ አይሆንም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሁኔታው ይለያል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወገኖቻችንም በልማድ አሳማ አይበሉም። ስለዚህ አብሳዩም ተመጋቢውም የአገር ሰው በሆነበት የገበያ ማዕከል ምግብ ቤት ውስጥ አሳማ የማግኘት ዕድል ትንሽ ነው። ለውጭ ዜጎች ተብሎ በተከፈተ ምግብ ቤት ውስጥ ግን በግልጽ ይሸጣል። እዚያ ጥያቄው «እኔ ያዘዝኩት ዶሮ ነው» በማለት አያልቅም። መጥበሻው፣ መቀሱ፣ መቆንጠጫው የጋራ ነውና። በአገራችን በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ የታወቀው አቋም የአሳማ ነጃሳ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት የሚል ነው፤ ኢማም ነወዊን የመሰሉ ታላላቅ ዓሊሞች ደግሞ በማስረጃ ረገድ አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል ወደሚለው አዘንብለዋል። የትኛውንም ብትይዙ፣ አሳማ ተጠብሶበት በወረቀት የተጠረገ ምጣድ አልታጠበም። በእንዲህ ያለ ቤት መቀመጡን ባንመክር ይሻላል።

በኮልፌው ፎቅ ላይ ከአሳማው የበለጠ የሚያሳስበን ግን ዶሮው ነው። ማን አረደው? ቡልጎጊ ተብሎ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ተዘፍዝፎ የሚጠበሰው የከብት ሥጋስ? ስለ አህለል ኪታብ እርድ በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ላይ የተመሠረተ ሰፊ የዑለማ ውይይት አለ፤ እዚህ ገጽ ላይ ልንጨርሰው አንሞክርም፣ ለኡስታዞቻችን እንተወዋለን። የአገራችን ሙስሊም የኖረበት ልማድ ግን ሙስሊም ያረደውን ብቻ መብላት ነው፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ የራሱን ይበላል። የከተማው ቄራ ለሁለቱም ለየብቻ ያርዳል፣ ሥጋ ቤቱም ለየብቻ ነው። ይህ ልማድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ እዚህ ከተማ ውስጥ «ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስከፋም። ሴኡል ላይ ቢሆን አሥር ደቂቃ ማስረዳት ይጠይቃል። እዚህ ግን ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ያለች አስተናጋጅ እንኳ ጥያቄውን ከቤቷ ታውቀዋለች። ስለዚህ «አያፍሩብኝም ወይ» የሚለው የብዙዎቻችሁ ስጋት መሠረት የለውም።

አካባቢው ሙስሊም የበዛበት ስለሆነ ሥጋው ሐላል ነው ብሎ መገመት ግን ልክ አይደለም። ባለ ምግብ ቤቱ ሥጋውን የሚያመጣው ከሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ዶሮ አንድ ሳምንት ከሙስሊም አራጅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋው ከረከሰበት ሊገዛ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «ሐላል» የሚል ጽሑፍም ማን እንዳለው ይታይ። በራሷ በኮሪያ የቱሪዝም ድርጅቱ ምግብ ቤቶችን ለሙስሊም እንግዶች ሲመድብ፣ በሌላ አካል የተረጋገጠውን፣ ባለቤቱ ራሱ ሐላል ነው የሚለውንና አሳማ ብቻ የሌለበትን በየስማቸው ለይቶ ነው። እኛም ይህን ልዩነት በአእምሯችን ይዘን ብንገባ ጥሩ ነው። አሳማ የለም ማለት ሐላል ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሶሱ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ያላሰባችሁት ይህ ይመስለናል። የኮሪያ ምግብ ቀይ ቀለሙንና ጣፋጭ ቃጠሎውን የሚያገኘው ጎቹጃንግ ከተባለ ድልህ ነው። በርበሬ፣ የፈላ አኩሪ አተር፣ ሩዝ፣ ብቅልና ጨው ተቀላቅሎ ለወራት ይቆያል። ድልህና አዋዜ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መፍላቱም ብቻውን ኸምር አያደርገውም፤ የእንጀራ ሊጣችንም ይፈላል፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ኮምጣጤን ማባያ አድርገው ማወደሳቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ችግሩ የፋብሪካው ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ጎቹጃንጎችና የአኩሪ አተር ሶሶች እንዳይበላሹ ተብሎ አልኮል ይጨመርባቸዋል፤ በኮሪያኛ «ጁጆንግ» ብለው ይጽፉታል። በማፍላት ራሱ የተፈጠረና ተቀድቶ የተጨመረ አልኮል ዑለማዎች ዘንድ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለ ሁለተኛው ጠንከር ያለ ንግግር ስላለ፣ ዕቃው ላይ ሐላል ምልክት ያለውን ሶስ የሚጠቀም ቤት መፈለጉ ይቀላል።

ከዚህ የባሰው ግን ማብሰያ ወይን ነው። «ሚሪም» ወይም «ማትሱል» ይሉታል፤ የሥጋና የዓሣ ጠረን ለማጥፋት ዶሮውም ቡልጎጊውም ላይ ይጨምሩታል። አንዳንዱ ከ10 በመቶ በላይ አልኮል አለው። እሱ የሌለው አብሳይ ሶጁ ወይም ነጭ ወይን ያፈስበታል። «ሲበስል ይተናል» የሚባለውን ሰምታችኋል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ መሠረት ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ለ15 ደቂቃ ከተንተከተከ አልኮል 40 በመቶ ያህሉ እዚያው ይቀራል፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ያህል አለ። የኑድል ዶሮ ደግሞ የሚጠበሰው በጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ኸምርን አውቆ ምግብ ውስጥ መጨመሩ በራሱ የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ በኛ አገር ብቻ የሚገጥም አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ተማሪዎቻችን ሥጋ ሲጠራጠሩ «የጾም አምጪልኝ» ብለው ያዛሉ። ብልሃቱ ለበየነቱ ይሠራል። ለኮሪያ ምግብ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። የጾም ማለት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም ማለት እንጂ ወይን የለበትም ማለት አይደለም። የጾም ቢቢምባፕ ያዘዘ ሰው ስለ ሶሱ አሁንም መጠየቅ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ያለ ምክንያት የምንሸሸው ነገር አለ፦ ኪምቺ። በጎመኑ ላይ የሚጨመረው የዓሣ ሶስና ጨው የተቀባ ትንሽ ሽሪምፕ ነው። ዓሣ እርድ አይጠይቅም፤ የባሕር አደን የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳ 96ኛ አንቀጽ ተነግሯል፤ በሽሪምፕ ላይ በሐነፊዮች ዘንድ ያለውን ውይይት ሳንዘነጋ ማለት ነው። ቶክቦኪ የተባለው የሩዝ ሊጥም በአንቾቪ ዓሣ መረቅና ኦሙክ በሚሉት የዓሣ ቂጣ ስለሚሠራ፣ ሶሱ ከተጣራ ከሁሉ የሚቀለው ምርጫ ነው።

የፓኬት ኑድልን በተመለከተ አጭር ነው። ሳምያንግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ቡልዳክ ወደ ውጭ የሚላከው በብዛት የኮሪያ ሙስሊሞች ፌዴሬሽን የሐላል ምልክት አለው፤ ለኮሪያ ገበያ የሚሠራው ግን ላይኖረው ይችላል። ሱቅ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉ ቀለሙን ሳይሆን ምልክቱን እዩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 የኢንዶኔዥያ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አራት ዓይነት የኮሪያ ኑድሎች የአሳማ ዘር ተገኝቶባቸው ፓኬቱ ላይ ስላልተጻፈ ከገበያ እንዲወጡ አድርጓል። በ2024 ደግሞ ዴንማርክ ሦስት የቡልዳክ ዓይነቶችን በጣም ያቃጥላሉ ብላ አስመልሳለች። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ያስቃል፤ ጨጓራ ያለባችሁ ግን አትሳቁ።

ለነገሩ ይህን ምልክት የሚሰጠው ፌዴሬሽን ታሪክም ከዚያው ጦርነት ይጀምራል። ከቱርክ ጦር ጋር የመጡ ኢማሞች ከጦርነቱ በኋላ ለኮሪያውያን እስልምናን አስተማሩ፤ ከነሱ የተነሣው ማኅበረሰብ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1976 የሴኡል ማዕከላዊ መስጂድ ኢቴዎን አካባቢ ተከፈተ። በስኮላርሺፕ ወደዚያ የምትሄዱ ሐላል ምግብ ቤቶቹን የምታገኙት በዚሁ መስጂድ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ፎቁ ላይ ስትደርሱ የምንመክረው አንድ ነገር ቢኖር ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው፤ ሳህኑ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ለአስተናጋጇም ለናንተም አይመችም። «እህቴ፣ ሥጋው የሙስሊም ነው? ሶሱ ውስጥ ወይን ወይም አልኮል ትጨምራላችሁ? የሚጠበስበት ዘይት ለሁሉም አንድ ነው?» በቃ። አስተናጋጇ ካላወቀች አብሳዩን ትጠይቅላችሁ። አብሳዩም ካላወቀ ከጎን ካለው ሻዋርማ ወይም ጭማቂ ቤት ገዝታችሁ፣ እሱንም ጠይቃችሁ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተቀመጡ። የጋራ ወንበር ጥቅሙ ይኼ ነው። የተጠራጠረውን መተው ተምረናል፤ ጓደኛን መተው ግን አልተማርንም። ቀጠሮውን ከዐስር በኋላ ካደረጋችሁት ደግሞ የመግሪብ ሰዓት ስለሚገባ መስገጃ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዶርም ወይም ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ ኪምቺ ከባድ አይደለም። አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን ቆራርጣችሁ ጨው ነስንሱበትና ሦስት ሰዓት ያህል ተዉት፤ ከዚያ እጠቡና አጥልሉት። የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ስኳርና የተፈጨ ዛላ በርበሬ ለውሱበት። የተዘጋጀውን የወጥ በርበሬ አትጠቀሙ፤ ኮረሪማው ጣዕሙን ወደ ሌላ ነገር ይወስደዋል። ካሮት ቢጨመር ጥሩ ነው። በንጹሕ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ፣ ጫፉ ድረስ ሳትሞሉ ክደኑት፤ ሲፈላ ይገነፍላልና። በአዲስ አበባ አየር ሦስት ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በክረምት አንድ ቀን ጨምሩለት። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ፍሪጅ ከሌለ በሁለት በሦስት ቀን የሚያልቅ ያህል ብቻ ሥሩ።