ሚዲ ኪቦርድና የሙዚቃ ቅንብር ሶፍትዌር፤ ለባህል ኪነት ቡድኖች ምን ይፈይዳሉ?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በካማሺ ዞንም ሆነ ከማዕከል በራቁ ሌሎች አካባቢዎች ለባህል ኪነት ቡድን የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ሲታሰብ፣ በዋጋው አነስተኛነትና በቀላሉ ተሸክሞ ለመንቀሳቀስ በመመቸቱ ዓይን ውስጥ ከሚገቡት መሣሪያዎች መካከል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ሚዲ ኪቦርድ ይገኝበታል። መሣሪያው ከሙዚቃ ቅንብር ሶፍትዌሮች ጋር በሚገባ ይግባባል ወይ? ለሚለው ጥያቄ አጭሩ ምላሽ አዎን የሚል ነው። ይሁን እንጂ የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶበት ከመጋዘን እንዳይቀር ገዢው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

ሚዲ የተለያዩ ፋብሪካዎች ያመረቷቸው የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች የንግድ ትርዒት ላይ የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስና የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያዎች ምርቶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው በመሥራት ለሕዝብ ታይተዋል። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተበርክቶላቸዋል። ስምምነቱ ከ40 ዓመታት በላይ ያገለገለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛው ትውልድ ቢጸድቅም የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ አልሆኑም።

በሚዲ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ሲነካ ኪቦርዱ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ ብቻ ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል። ከበላይ መሥሪያ ቤት ለበታች መሥሪያ ቤት እንደሚላክ ሰርኩላር መሆኑ ነው፤ ሥራውን የሚያከናውነው ሰርኩላሩ ሳይሆን የደረሰው ክፍል ነው። ድምፁን የሚፈጥረውም በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው።

ይህን ልዩነት ካለመረዳት የሚፈጠር ችግር ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት በአንድ ጽሕፈት ቤት አዲስ የተገዛ ኪቦርድ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ተመልክቷል። መሣሪያው ግን አልተበላሸም ነበር። ከድምፅ ማጉያ ጋር በቀጥታ ሊያያዝ የማይችል፣ የራሱ ድምፅ የሌለው መቆጣጠሪያ ኪቦርድ መሆኑን የግዢ ጥያቄውን ያቀረበውም ሆነ የተረከበው ባለሙያ አላወቁም። በሠርግና በመድረክ ላይ የሚታየው የራሱ ድምፅና ምት ያለው ኪቦርድ ሌላ ነው፤ በግዢ ሰነድ ላይ «ኪቦርድ» ብቻ ብሎ መጻፍ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው የዩኤስቢን የጋራ ደረጃ ያሟላ ከሆነ ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጫን ኮምፒውተሩ ወዲያው ያውቀዋል። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም በመሆኑ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ በግልጽ መጠየቅ አለበት። አብዛኞቹ ትንንሽ ኪቦርዶች የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙትም ከዚያው ከዩኤስቢ ገመድ ነው። በመሆኑም መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም።

ተጠቃሚዎችን ይበልጥ የሚያማርረው የድምፅ መዘግየት ነው። በዚህ ረገድ በአብዛኛው ጥፋተኛው ኪቦርዱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያወጣው በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ሥርዓት 256 ናሙና ቢያጠራቅም መዘግየቱ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚሆን ጣት አይሰማውም። ማጠራቀሚያው 1,024 ሲሆን ግን ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ያሻቅባል፤ በዚህ ጊዜ ከበሮ የሚመታ ሰው ምቱ ከእጁ ወደኋላ እንደቀረ ይሰማዋል። መጠኑን መቀነስ መዘግየቱን ቢያሳጥርም አቅሙ አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። በዊንዶውስ ለሚሠሩ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያዘጋጀው አሲዮ የተሰኘ ሥርዓት ለዚህ ችግር ዋነኛ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል።

የሶፍትዌር ምርጫም መታሰብ አለበት። ኩቤስ፣ ሎጂክ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭና ሪፐር የሚባሉት ሁሉ ሚዲ ኪቦርድን ተቀብለው ይሠራሉ። በርካታ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ድምፅ ለመቁረጥ የሚገለገሉበት ኦዳሲቲ ግን በነፃ የሚገኝ ጠቃሚ ፕሮግራም ቢሆንም፣ በሚዲ ኪቦርድ እየተጫወቱ ለማቀናበር የተዘጋጀ አይደለም።

ለአገራችን ሙዚቃ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ የቅኝት ነው። ኪቦርድ የተሠራው አንዱን ስምንተኛ ድምፅ እኩል ለ12 በሚከፍለው የአውሮፓውያን ሥርዓት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በኪቦርድ ሊጫወቱ መቻላቸው የታወቀ ቢሆንም፣ ክራር መቺው በጆሮው እያዳመጠ የሚያስተካክለው ክርና የኪቦርዱ ቁልፍ ሁልጊዜ አይገጥሙም። እዚህ ላይ የሚዲ ትእዛዝነት ይጠቅማል። ቁልፍ ቁጥር 60 ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መሰማት እንዳለበት የመወሰኑ ኃላፊነት የሶፍትዌሩ በመሆኑ፣ መቃኛ ያለው ሶፍትዌር ድምፁን ከክራሩ ጋር ሊያስማማ ይችላል። የመሰንቆውን መንሸራተት ለመምሰልም ከኪቦርዱ ጎን ያለው ማጠፊያ መንኮራኩር ይረዳል፤ እርግጥ ነው የመሰንቆን ያህል አይሆንም።

የበርታ ብሔረሰብ የሚታወቅበት ዋዛ ደግሞ በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው። ከቅል ተሠርተው የሚነፉት እነዚህ ረጃጅም መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በመሠረቱ አንድ ድምፅ ይዘው፣ ዜማው የሚገኘው ተጫዋቾቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። እያንዳንዱን ዋዛ ለየብቻው በጥሩ ማይክራፎን ቀርጾ ለአንድ ለአንድ ቁልፍ ማደል ይቻላል፤ ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድም ይበቃዋል። በዚህ መንገድ ቅኝቱ አይዛባም፤ የተቀረጸው ራሱ የዋዛው ድምፅ ነውና። ሆኖም ብዙ ሰዎች ተናበው የሚጫወቱትን አንድ ሰው በጣቶቹ ሲጫወተው ለልምምድና ለትምህርት ይጠቅማል እንጂ ጨዋታውን አይተካም። በካማሺ ለሚገኙት የጉሙዝ ዜማዎችም የሚሠራው ይኸው ነው፤ አስቀድሞ መቅረጽ፣ ከዚያ በኋላ ማቀናበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በዞኑ በተከሰተው የጸጥታ ችግር በርካታ ነዋሪዎች ከቀያቸው መፈናቀላቸው ሲታሰብ፣ የአዛውንቶችን ዜማ ለመቅረጽ ጊዜ መስጠት የሚያዋጣ አይመስልም። በጀቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከኪቦርዱ በፊት መግዛት ያለበት መቅረጸ ድምፅ ነው።

ኪቦርድ ባንዶችን አፈናቀለ የሚለው ወቀሳ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በሌላ በኩል የቀድሞው የዋልያስ ባንድ አባል ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ያዘጋጀው ሥራ፣ የሚዲ መሰኪያ ከነበራቸው ቀደምት ኪቦርዶች አንዱ የሆነውን ያማሃ ዲኤክስ 7ን ከአኮርዲዮን ጋር አጣምሮ፣ ነባር ዜማዎችን በአንድ ሰው እጅ አቅርቧል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በውጭው ዓለም አዲስ አድማጭ አግኝቷል።

ካማሺን ከአሶሳ ለሚያገናኘው ሥራ የሚበጅ አንድ ጠባይም አለው። በሲዲ ጥራት የተቀረጸ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፣ የአንድ ሙሉ ዘፈን የሚዲ ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በደካማ ኔትወርክም ይላካል። ነገር ግን የሚላከው ትእዛዙ ብቻ በመሆኑ፣ የዋዛው ወይም የክራሩ ናሙና አስቀድሞ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫነ ዜማው በፒያኖ ድምፅ ሊከፈት ይችላል። ስለሆነም ናሙናዎቹን በፍላሽ ገልብጦ በመኪና መላክ፣ ፋይሉን ደግሞ በኢሜይል ማስከተል ይመረጣል።