«በጋ» የሚዘንብበት አገር

በሐምሌ ወር ለሥራ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ወደ ነገሌ ቦረና የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ቅዝቃዜው ነው። «በረሃ ነው» ተብሎ ተነግሮታል። ጠዋት ከሆቴሉ ሲወጣ ግን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በግራጫ ደመና ተሸፍኖ፣ ነፋሱም ጃኬት የሚያስለብስ ሆኖ ያገኘዋል። የአዲስ አበባ ሰው ነውና ጃንጥላ ይፈልጋል። የአገሬው ሰው ግን ልብሱን አስጥቶ፣ ሸቀጡን ደጅ ዘርግቶ ሥራውን ቀጥሏል። ደመናው ከሰዓት በኋላ ይሳሳል፣ ፀሐይ ብልጭ ትላለች፣ ሌሊቱን ተመልሶ ይከድናል። ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ይዘልቃል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን እምብዛም የለም።

ለመሆኑ ይህን ያህል ደመና እያለ ለምን አይዘንብም? በእነዚህ ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነሳ ኃይለኛ ነፋስ እርጥበት ይዞ ወደ ደቡቡ ቆላ ይነፍሳል። ዝናብ ለመሆን ግን እርጥበት ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ መቀዝቀዝ አለበት። ከበላዩ ያለው አየር ደግሞ ደረቅና ወደ ታች የሚጫን በመሆኑ እርጥበቱን እንደ ድስት ክዳን ያፍነዋል። ውጤቱ ስስ፣ ዝቅ ያለ፣ ቁመት የሌለው ደመና ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 ለንደን ውስጥ ሉክ ሃዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ለደመናዎች የላቲን ስም ሲያወጣ ይህንን ዓይነቱን «ስትራተስ» አለው፤ ንጣፍ እንደ ማለት ነው። ወደ ላይ የሚቆለለውን ደግሞ «ኩሙለስ» ብሎታል፤ አጋጣሚ ሆኖ ከእኛው «ክምር» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል።

የቦረና አርብቶ አደር የሚጠብቀው ክምሩን ነው። እሱ የሚመጣው በዋናነት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ጠዋት ብራ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ክምር እዚህም እዚያም ይነሳል፤ ሲመሽ ይጠቁርና አንዱን ቀበሌ በዶፍ አጥቦ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። ማታ በአድማስ ላይ የሚታይ መብረቅ ዝናቡ የት እንደወረደ ይጠቁማል። ዓይን ብቻ ግን አይታመንም። «አቡሩ» የሚባሉ ቃኚዎች ሄደው ሣሩንና ውኃውን ካላዩ መንጋ አይንቀሳቀስም።

ፀሐይን ተከትሎ የሚጓዘው የዝናብ መቀነት በደቡቡ ቆላ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዴ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ሲመለስ። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን መቀነቱ እነሱን አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ቦረናዎች ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ዋናው ዝናብ «ገነ» ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ቀጥሎ ደመናማውና ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት «አዶሌሳ»። ከዚያ አነስተኛው ዝናብ «ሀገያ»፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር። በመጨረሻ ሞቃቱ ደረቅ ወቅት «ቦና»። ልብ በሉ፣ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ «ገነ» ክረምት ማለት ነው። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉም አንድ፣ ወሩ ግን ሌላ።

አንድ አዋጅ ሲረቀቅ ከፊት የሚቀመጠው የትርጓሜ አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ነገር እስከ መጨረሻው አንቀጽ ይከተላል። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ዓመቱን በሦስት ይከፍላል፤ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ላለማጋነን፣ ተቋሙ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ የበጋው መጀመሪያ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ሁለተኛ የዝናብ ወቅት መሆኑን ይጠቅሳል። ሙያተኞቹ ያውቁታል። ችግሩ ቃሉ ከሙያተኞቹ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በጀት የሚደለድል ሹም «በጋው ደረቅ ነበር» የሚል ሪፖርት ቢደርሰው ምን ይሰማዋል? ምንም። በጋ ደረቅ አይደል? ያው ዐረፍተ ነገር ግን በቦረና አፍ «ሀገያው ቀረ» ማለት ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። በቦረና ዞን ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። ከአምስቱ ሦስቱ ሀገያዎች ነበሩ፤ በእኛ ቀን መቁጠሪያ ሦስት ደረቅ በጋዎች መሆናቸው ነው! ከጀርባው የነበረው ለሦስት ዓመት የዘለቀው ላ ኒና ነው፤ ላ ኒና የደቡቡን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ያሳጣል። ኤል ኒኖ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ2007 ክረምት ሰሜኑንና ምሥራቁን ያደረቀው ኤል ኒኖ በዚያው ሰሞን ለደቡቡ ሀገያ ዝናብ አደላ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይም የደቡቡን ቆላ እስከ ጎርፍ አደረሰው። ስለዚህ ሬዲዮ «ኤል ኒኖ መጣ፣ ድርቅ ያሰጋል» ብሎ ለመላው አገር በአንድ ድምፅ ሲናገር፣ ነገሌ ላይ የሚሰማው ሰው ከብቱን የሚያዘጋጀው ለተገላቢጦሹ ነው።

ቦረናዎች የራሳቸው አዋቂዎች አሏቸው። «አያንቱ» የሚባሉት ጨረቃና ከዋክብትን እያስተያዩ፣ በ27 የቀን ስሞች የሚዞር ቀን መቁጠሪያ ይጠብቃሉ። ከኢንስቲትዩቱ ትንበያ ጋር ማወዳደሩ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። አያንቱን የሚሰማ ሰው ቢያንስ ስለ የትኛው ወቅት እንደሚነገረው ያውቃል።

የሚገርመው ይህንን ቀድሞ የተረዳው የኢንሹራንስ ውል ነው። በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በቦረና የጀመረው የከብት መድን፣ ካሣ የሚከፍለው ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ አይቶ ሲጠወልግ ነው፤ ውሉ የሚሸጠውም ከሁለቱ ዝናቦች አስቀድሞ ነው። አርቃቂዎቹ የገነንና የሀገያን ቀን መቁጠሪያ ይዘው ጻፉ፤ በሌላ ቢጽፉት የሚገዛቸው ባላገኙ ነበር። የመንግሥት መግለጫ ገዢ መፈለግ የለበትም። ቢሆንም በመስከረም መጨረሻ ለነገሌ፣ ለያቤሎ፣ ለሞያሌና ለፊልቱ የሚላከው ትንበያ ርዕሱን «የሀገያ ወቅት» ብሎ ለመጀመር አዋጅ ማሻሻል አያስፈልገውም።