ከጦር ሜዳ ወደ ድንጋይ ካባ



ማዕድን ቆፋሪ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ድንጋይ ከሰል ይሄዳል። ከሰል በአገራችን በያዩ፣ በጅማ አካባቢና በጭልጋ ይገኛል። የስምጥ ሸለቆ ቆፋሪ ግን የሚቆፍረው የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋውን ጠጠር ነው። ከቢሾፍቱ ተነሥታችሁ በሞጆ በኩል እስከ አዳማ፣ ብዙዎቻችሁ ናዝሬት ብላችሁ እስከምታውቋት ከተማ ስትጓዙ፣ ጎናቸው ተበልቶ ውስጣቸው የሚታይ ኮረብቶች አሉ። ቀዩና ጥቁሩ ጠጠር ለመንገድና ለቤት መሠረት ሙሌት ይሆናል። ነጩ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ደግሞ ለብሎኬት ማምረቻና ለሲሚንቶ ማደባለቂያ ይወሰዳል።

በእነዚህ ካባዎች ከወጣቶቹ መካከል ዕድሜያቸው ስድሳ የደረሰ ሰዎች አካፋ ይዘው ይታያሉ። አንዳንዶቹ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ናቸው። ወደዚህ ሥራ የመጡበት መንገድ ረጅም ነው።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ይመለከት ነበር። በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው ኮታ እየተመደበ ብዙ የገጠር ልጅ ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ። በዐዋጁ የተጻፈው ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር፤ ጦርነቱ ግን የተጻፈውን ጊዜ አልጠበቀም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። በሰኔ ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚደርሱበት ማጓጓዣና ለጥቂት ወራት የሚሆን ቀለብ ተሰጣቸው። ወደ ገጠር የተመለሱት የእርሻ መሬት ይጠብቁ ነበር። ይሁንና መሬቱ ከ1967ቱ ዐዋጅ ወዲህ ተከፋፍሎ ስለ ነበር በብዙ ቦታ የደረሳቸው ጥቂት ነው። አካፋ ግን መሬት አይጠይቅም።

በአዳማ አጠገብ ባለ አንድ ካባ የምናውቃቸው አባት በኤርትራ ግንባር ጉልበታቸውን ቆስለው የተመለሱ ናቸው። ወጣቶቹ «ሻለቃ» ይሏቸዋል። ማዕረጋቸው ተራ ወታደር ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን አይቃወሙም።

የካባ ክፍያ በቀን ሳይሆን በመኪና ነው። አምስት ስድስት ሰዎች ሆነው አንድ ገልባጭ መኪና ይሞላሉ፤ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጠጠሩ አናት ላይ አፈር አለ። አፈሩን የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ አፈሩን ለማንሣት የሚውለውን ቀን የሚከፍልም የለም። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጠጠር መውረድ ስላለበት ቆፋሪው ግድግዳውን ከእግሩ ይሸረሽራል። ከታች ሲሸረሸር ከላይ ያለው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሲወርድ ግን ከሥሩ ሰው መኖሩን አይጠይቅም። በተለይ ሌሊት ዝናብ ካደረ ውኃው ወደ ስንጥቁ ይገባና ግድግዳው ይከብዳል፤ ማለዳ ከሥሩ የሚገባ ሰው ነፍሱን ይዞ ይገባል።

ሻለቃ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ምሽግ የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚናድ በዓይን ይለያሉ። ስንጥቅ ሲያዩ ልጆቹን ያስወጣሉ። ነገር ግን አናቱን ለመግፈፍ ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ገቢ መዋል ይጠይቃል፤ በቤታቸው ያሉት የልጅ ልጆች ሦስት ቀን አይታገሡም። በየስብሰባው «ቆፋሪዎቹ ስለ አደጋ ትምህርት ይሰጣቸው» ሲባል እንሰማለን። በእኔ አስተያየት የጎደላቸው ትምህርት አይደለም።

ሁለተኛው ጠላት ድምፅ የለውም፤ የድንጋይ ብናኝ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሲሊካ የተባለው ነገር ዓይን እስከማያየው ድረስ ደቅቆ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ያቆስላል። ጠባሳው እየጨመረ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥራል፤ የሚሽር መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ድንጋዩን ማርጠብ ይረዳ ነበር፤ ውኃው ግን በጄሪካን ተገዝቶ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ነው።

የሚጠጣው ውኃም ነገር አለበት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጡ አሉ። በልጅነቱ የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል። ይህ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ከብዙ ዓመታት በፊት ታይቷል። ሻለቃ ማጎንበስ ሲያቅታቸው ጥፋቱ የጥይቱ ይሁን የውኃው አያውቁም፤ ራጅ ለመነሣት ደግሞ አንድ ቀን ከካባው መቅረት አለባቸው።

ካባን በደኅና መቆፈር አዲስ ጥበብ አይደለም። አስቀድሞ አፈሩ ከአናቱ ይገፈፋል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይወረዳል፤ የአንዱ ደረጃ ቁመት ቆፋሪው በዶማ ከሚደርስበት አይበልጥም። ብርድ ልብስና ስንዴ ለመላክ የምታስቡ ወዳጆች አላችሁ፤ አይጠላም። ለእነዚህ ሰዎች ግን ከዚያ የሚበልጠው ማንም የማይከፍለውን የመግፈፊያ ቀን መክፈል ነው። ሥራው ከክረምቱ በፊት፣ በግንቦት ማለቅ አለበት፤ መሬቱ ከራሰ በኋላ ሰውን አናቱ ላይ ማቆም ራሱ አደጋ ነው።