በባሕር ላይ ፍንዳታ ስለሚቈስል ሰላማዊ ሰውና ስለ ሐኪሙ መዝገብ

አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ርቆ በግሼ ደጋ፣ በራቤል ለሚኖር ሰው ስለ ባሕር ፍንዳታ መናገር ምን ይረባዋል ትል ይሆናል። ነገር ግን የዛሬው የደጋ ልጅ በደጋ ብቻ አይቀርም። አንዱ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ካለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተመርቆ በውጭ አገር መርከብ ይቀጠራል፤ ሌላው እንጀራ ፍለጋ በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገራል። ስለዚህ የባሕሩ አደጋ እስከ ደጃፍህ ሊደርስ ይችላል።

አደጋው ተረት አይደለም። በጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. በኤደን ወደብ ፈንጂ የጫነች ጀልባ ኮል ወደተባለው የአሜሪካ ጦር መርከብ ተጠግታ ብትፈነዳ 17 ባሕረኞች ሞቱ። በመስከረም 26 ቀን 1995 ዓ.ም. ሊምበርግ የተባለው የፈረንሣይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በየመን ጠረፍ በዚሁ ዘዴ ተመትቶ አንድ ቡልጋሪያዊ ሠራተኛ ሞተ። በየካቲት 19 ቀን 1996 ዓ.ም. ደግሞ በፊሊፒንስ ሱፐርፌሪ 14 በተባለው የመንገደኞች መርከብ ቦምብ ፈንድቶ 116 ሰዎች አለቁ። የፊተኞቹ ወታደሮች ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን ሰላማውያን ናቸው።

ፍንዳታ ሰውን የሚጎዳው በስብርባሪና በእሳት ብቻ አይደለም። የግፊቱ ማዕበል ራሱ አየር ያለበትን ክፍል ሁሉ፣ ማለት ጆሮን፣ ሳንባንና አንጀትን ይመታል። በውኃ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ድምፅ በአየር በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ በውኃ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ውኃም እንደ አየር ስለማይጨመቅ ግፊቱን ሩቅ ድረስ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከባሕር የወጣ ሰው ቆዳው ሳይላጥ ሳንባው ሊደማ፣ አንጀቱም ሊቀደድ ይችላል። የአንጀቱ ጉዳት አንድና ሁለት ቀን ዘግይቶም ሊታይ ስለሚችል፣ «ምንም አልሆንሁም» ያለውን ሁሉ ማሰናበት አይገባም።

የመጀመሪያው እርዳታ የሚፈስሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማቆም ነው። ባይቆምና እጅ ወይም እግር ቢታሰር፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ። የተሰካ ነገር አይነቀል፤ እርጥብ ልብስ ይውለቅና ቁስለኛው ይሙቅ። ሆዱን ያመመው ሐኪም ሳያየው እህል ውኃ አይቅመስ።

ከዚህ በኋላ የመዝገቡ ሥራ ይመጣል። በ1893 እ.ኤ.አ. ፈረንሣዊው በርቲዮን የሞት ምክንያቶችን በቁጥር ከደለደለ ወዲህ፣ ሐኪሞች የበሽታን ስም በምልክት ይጽፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው እትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። አሜሪካኖች በ10ኛው እትም ላይ ባዘጋጁት መዝገብ፣ በሽብር የተነሣ የባሕር መሣሪያ ፍንዳታ ዋይ 38.0 ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር 1 ቢሆን የጸጥታ ሠራተኛ፣ 2 ቢሆን ሰላማዊ ሰው፣ 3 ቢሆን ሽብርተኛው ራሱ መቍሰሉን ይነግራል። የመጨረሻው ፊደል ሕክምናው ገና በመሰጠት ላይ መሆኑን፣ ወይም በማገገም ላይ ያለ ሰው ክትትል መሆኑን፣ ወይም ቈይቶ የተረፈ ጉዳት መሆኑን ይለያል። ይህም ምልክት ብቻውን አይቆምም፤ አስቀድሞ ቁስሉ ራሱ ይጻፋል።

በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። ሽብር ነው ብሎ የሚፈርደው ሐኪሙ አይደለም፤ በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የምርመራ ቢሮ ነው። ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ እንደ ሰው ጥቃት ይመዘገባል፤ የጦርነት ከሆነ በዋይ 36 ይገባል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ቁስል በሦስት መዝገብ ሊውል ይችላል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይምሰልህ። ጆሮው ደንቍሮ፣ ትንፋሹ አጥሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ልጅ የሚያክመው ሐኪም ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ከጽሑፍ ነው። ካሣ ሲጠይቅም ወረቀቱ ምስክሩ ነው። በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም እንደተባለ፣ ከባሕር የተመለሰ ወገን ካለህ ፍንዳታው መቼና የት እንደነበረ፣ በውኃ ውስጥ ወይስ በመርከብ ላይ እንደነበረ ለጤና ጣቢያው ሳይደብቅ እንዲነግር ምከረው። የሐኪም ወረቀቱንም እንደ ርስት ደብዳቤ ይጠብቀው።