ሲክል ሴል አኒሚያና የሕፃናት ስትሮክ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም የደም ሥር ፈንድቶ ደም በአንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሽማግሌዎች በሽታ አድርጎ ነው። የሲክል ሴልን ጂን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ልጅ ግን ገና በ2 ዓመቱ ሊመታው ይችላል። በአሜሪካ የተደረገ የብዙ ዓመታት ክትትል እንዳሳየው፣ መከላከያ ካልተደረገ ከ100 ታማሚዎች 11 ያህሉ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ስትሮክ ያገኛቸዋል።

መንስኤ

ሲክል ሴል አኒሚያ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ነው። ጂኑ በስፋት የሚገኘው ወባ በጸናባቸው አገሮች ሲሆን በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ብርቅ ነው። በሕመሙ ምክንያት ቀይ የደም ሴል ኦክስጅኑን ሲለቅ ክብ ቅርጹን ትቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ይደርቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የጎበጡት ሴሎች ቀጫጭን የደም ሥሮችን እንደሚዘጉ የታወቀ ነው። የልጆች ስትሮክ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከትልልቆቹ ሥሮች ነው። በአንገት አልፎ ወደ ራስ ቅል የሚገባው ደም ወሳጅ ሥርና ቅርንጫፎቹ የውስጥ ግድግዳቸው እየቆሰለ ይወፍራል፤ መተላለፊያውም ቀስ በቀስ ይጠባል። ይህ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ልጁም ምንም አይሰማውም። ትኩሳት፣ የሳንባ ሕመም ወይም የደም መጠን በድንገት መውረድ ሲጨመርበት ግን አንጎሉ ኦክስጅን ያጥረዋል።

ምልክቶች

የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የፊት መጣመም፣ የንግግር መጥፋት ወይም መኮላተፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ድንገተኛ ራስ ምታት ዋናዎቹ ናቸው። የሲክል ሴል ልጅ ያለው ቤተሰብ የለመደው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሆነ፣ ሳያም የሚመጣውን ስትሮክ «እጁ ተኝቶበት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋ እንኳ ልጁን ወዲያውኑ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። በዚያ የሚሰጠው ዋና ሕክምና የራሱን ደም እያወጡ በጤነኛ ሰው ደም መተካት ነው።

ምልክት የማያሳይ ስትሮክም አለ፤ በኤም አር አይ ብቻ የሚታይ ትንሽ ጠባሳ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ በትምህርቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፣ የተነገረውን ቶሎ ይረሳል። ብዙውን ጊዜ ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል።

አስቀድሞ ማወቅ

የጎማ ቱቦን ጫፍ በጣት ሲጫኑት ውኃው እንደሚፈጥን ሁሉ፣ በጠበበ ሥር የሚያልፍ ደምም ይፈጥናል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት አዳምስና ባልደረቦቹ ይህን ፍጥነት በአልትራሳውንድ ለኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናትም የትኛው ልጅ ለስትሮክ እንደተቃረበ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። መሣሪያው ከዓይንና ከጆሮ መካከል ቆዳ ላይ ይደረጋል፤ መርፌ የለውም፣ አያምም። አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ170 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው። ምርመራው ከ2 እስከ 16 ዓመት በየዓመቱ እንዲደረግ ይመከራል።

መከላከያ

እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመው «ስቶፕ» የተባለ ጥናት ፍጥነቱ 200 የደረሰ 130 ልጆችን በሁለት ከፈለ። በየወሩ ገደማ ደም ከተሰጣቸው 63 ልጆች ስትሮክ የያዘው አንድ ሲሆን፣ ካልተሰጣቸው 67 ግን 11 ነበሩ። ልዩነቱ እጅግ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከቀጠሮው በፊት ቆመ። ዓላማው የማጭዱን ሄሞግሎቢን ከ30 በመቶ በታች ማቆየት ነው።

ደም መስጠቱ የራሱ ጣጣ አለው። ብረት በጉበትና በልብ ይከማቻል፤ የማይስማማ ደምም ያጋጥማል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ደም የወሰዱ ልጆች ቢያቆሙ ምን ይሆናል ተብሎ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው መልስ አስደንጋጭ ነበር፦ ካቆሙት 41 ልጆች 14ቱ ወደ አደገኛው ፍጥነት ተመለሱ፣ ሁለቱ ደግሞ ስትሮክ ያዛቸው።

ሌላው መንገድ በየቀኑ የሚዋጥ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ መድኃኒት ነው። ሕፃን ሲወለድ የነበረው ዓይነት ሄሞግሎቢን እንደገና እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይህም ሴሎቹን ከመጎበጥ ይከላከላል። ቢያንስ አንድ ዓመት ደም የወሰዱና ሥሮቻቸው ክፉኛ ያልጠበቡ ልጆች ወደዚህ መድኃኒት መሻገር እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረጋግጧል። ደም እንደልብ በማይገኝባት በናይጄሪያ ደግሞ ከመጀመሪያው በመድኃኒቱ መከላከል ተሞክሮ፣ ስትሮክ ያለ ሕክምና ከሚጠበቀው እጅግ አንሶ ተገኝቷል። ነፍሰ ጡርን ስለሚያሰጋና ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ የደም ምርመራ እየተደረገ ይወሰዳል።

አንዴ ስትሮክ የያዘው ልጅ ሕክምና ካልተደረገለት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደግመዋል። ለእርሱ ቋሚ የደም ሕክምና ይመረጣል። ከወንድም ወይም ከእህት የተወሰደ መቅኔ መተካት ሕመሙን ከሥሩ ሊያድን ይችላል፤ ከአንድ አባትና እናት የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ መቅኔው ለታመመው የመስማማት ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።